ሥጋ ያልነካው መጥበሻ፦ ሳምቡሳ፣ ጭድ ተራና የመንገድ ዳር ገበታ

 

ባለፈው እሑድ እናቴን ልጠይቅ ሄጄ ሳለ የዛሬውን ንግግር አነሣሁባት። «የምናገረው ስለ ሳምቡሳ ነው» አልኳት። የያዘችውን ስኒ አስቀምጣ ጥቂት ዝም ካለች በኋላ፣ «ለዚህ ተራ ነገር ሰው ይሰበሰባል?» ስትል ጠየቀችኝ። መልስ አልነበረኝም። ወደ ቤቴ ስመለስ ግን መንገዱን ሁሉ ያሰላሰልኩት «ተራ» የምትለውን ቃል ነበር። በአማርኛችን ተራ ማለት መደዳ ነው፤ ሱቆች ወይም ሰዎች ተያይዘው የሚቆሙበት ረድፍ። ተራ ማለት ወረፋም ነው፤ «ተራህን ጠብቅ» እንላለን። ተራ ማለት ደግሞ ከቁም ነገር የማይቆጠር ማለት ነው፤ «ተራ ሰው»፣ «ተራ ወሬ» እንላለን። መርካቶ በመጀመሪያው ትርጉም የተደራጀ ገበያ ነው፤ ምናለሽ ተራ፣ ሸማ ተራ፣ በርበሬ ተራ፣ ዶሮ ተራ፣ ቦምብ ተራ እያልን እንጠራዋለን። እኛ ተማርን የምንል ሰዎች ግን በውስጡ የሚሠራውን አብዛኛውን ነገር በሦስተኛው ትርጉም ይዘነው አልፈናል።

እኔ ያደግኩት በጭድ ተራ ነው። እናቴ በዚያ መንገድ ዳር ሳምቡሳ እየጠበሰች ትሸጥ ነበር። ስለዚህ ዛሬ የምናገረው በከፊል የምርምር፣ በከፊልም የዕዳ ጉዳይ ነው። ዕዳውን ወደ መጨረሻው እመለስበታለሁ።

የንግግሬ ጥያቄ አንድ ነው። በሥጋ ምክንያት የክርስቲያኑና የሙስሊሙ ገበታ በተለየበት አገር፣ በመርካቶ መንገድ ዳር ሁለቱም ከአንድ መጥበሻ የሚበሉት እንዴት ሆኖ ነው? መልሴን አስቀድሜ ልናገር። የመንገዱ ምግብ ሥጋን ስለተወ ነው። በድህነት ብቻም አልተወውም፤ ሥጋ ውድ መሆኑ እውነት ቢሆንም፣ ከዚያ ያለፈ ጥንቃቄና ብልሃት አለበት። ያንን ብልሃት ያወጡት መንገድ ዳር ተቀምጠው የሚሸጡ ሴቶች ናቸው።

አስቀድሜ ስለ ቦታው ጥቂት ልበል። አዲስ አበባ ስትቆረቆር ዋናው ገበያ የነበረው በአራዳ፣ በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አካባቢ ነበር። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በቆየው የጣልያን ወረራ ዘመን ወራሪው ከተማይቱን በዘር ለመከፋፈል ዐቀደ። ጣልያናውያን የሚኖሩበትና የሚገበያዩበት ስፍራ ተለይቶ፣ የአገሬው ሕዝብ ገበያ ወደ ምዕራብ እንዲሄድ ተደረገ። «መርካቶ» የሚለው ስም ራሱ በጣልያንኛ ገበያ ማለት ነው። እንግዲህ ዛሬ የሁሉም ሰው መገናኛ ብለን የምንኮራበት ገበያ የተወለደው ሰዎች እንዳይገናኙ ከታሰበ ዕቅድ ነው። ይህን ሐቅ በልባችሁ እንድትይዙት እለምናችኋለሁ፤ ስለ ምግቡ የምለው ሁሉ ከዚህ ጋር ይያያዛልና።

ጭድ ተራ ስሙ እንደሚነግረን የጭድ መሸጫ ነው። የጤፍ ጭድ የከብት መኖ ነው፤ ፍራሽም ይሞላበት ነበር። ከሁሉ በላይ ግን ለግድግዳ ይፈለጋል። በአዲስ አበባ ለረጅም ዘመን አብዛኛው ሰው የኖረው በጭቃ ቤት ነው። ጭቃ ብቻውን ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ ጭድ ሲገባበት ግን እርስ በርሱ ይያያዛል። ጭቃውና ጭዱ በእግር እየተረገጠ ተቦክቶ ከሰነበተ በኋላ ግድግዳው ላይ ይመረጋል። ሥራው ከተጠናቀቀ ወዲያ ጭዱ አይታይም። ቤቱን ያቆመው ግን እርሱ ነው። በሕፃንነቴ ከጭነት መኪና የሚወርደውን የጭድ እስር የሚሸከሙ ሰዎች ከራስ እስከ እግራቸው በብናኝ ተሸፍነው፣ ዐይናቸው ብቻ እየታየ ወደ እናቴ ሲመጡ አስታውሳለሁ። እጃቸውን በቆርቆሮ ጣሳ ውኃ ታጥበው ሁለት ሁለት ሳምቡሳ በቁራጭ ጋዜጣ ይቀበሉና ቆመው ይበላሉ። ከመካከላቸው ማን ወደ መስጊድ፣ ማን ወደ ቤተ ክርስቲያን እንደሚሄድ በብናኙ ምክንያት ከልብሳቸው መለየት አይቻልም ነበር።

አሁን ወደ ሳምቡሳው ልምጣ። ይህ ምግብ የእኛ ነው ወይስ የእንግዳ? ስሙን ብንከተል ሩቅ አገር እንደርሳለን። ቃሉ ከፋርስኛው «ሳንቦሳግ» የመጣ ሲሆን ዐረቦች «ሰንቡሳክ» ብለውታል። በ10ኛው ምዕተ ዓመት በባግዳድ በተጠናቀረ የምግብ መጽሐፍ ውስጥ አሠራሩ ሰፍሯል። በ14ኛው ምዕተ ዓመት ታላቁ ተጓዥ ኢብን ባቱታ በደልሂው ሱልጣን ግብዣ ላይ በቀጭን ሊጥ ተጠቅልሎ በቅቤ የተጠበሰ፣ የተከተፈ ሥጋ፣ ለውዝና ሽንኩርት የያዘ ምግብ መቅረቡን ጽፏል። ሕንዶች «ሳሞሳ»፣ ሶማሌዎች «ሳምቡስ»፣ ስዋሂሊዎች «ሳምቡሳ» ይሉታል። የእኛ አጠራር ከሕንዱ ይልቅ ለቀይ ባሕርና ለሕንድ ውቅያኖስ ዳርቻ አጠራር የቀረበ መሆኑ ምግቡ በየትኛው በር እንደገባ ፍንጭ ይሰጣል። በአዲስ አበባ የየመን ተወላጆች በየሰፈሩ ሱቅ ከፍተው ይኖሩ እንደነበር ትልልቆቻችን ያስታውሳሉ፤ «ከዐረብ ቤት ስኳር ግዛ» ተብሎ ያልተላከ የዚያ ዘመን ልጅ አይገኝም። «ሻሂ» የምንለውም ቃል የየመኖች አጠራር ነው። ከ1966ቱ አብዮትና ከተከተለው ውርስ በኋላ ብዙዎቹ አገር ለቀው ሄዱ። ስማቸው ከሱቆቹ ደጃፍ ጠፋ፤ ሻሂውና ሳምቡሳው ግን ቀረ።

ሳምቡሳው ሲቀር እንደመጣ አልቀረም። በድሮዎቹ መጻሕፍት የምናገኘው ሳምቡሳ የሥጋ ምግብ ነው። በመርካቶ መንገድ ዳር የምናገኘው ግን በአብዛኛው የምስር ነው። ይህ ለውጥ እንዴት እንደመጣ ለከተማው በሙሉ መናገር አልችልም። በእኛ ደጃፍ እንዴት እንደመጣ ግን አውቃለሁ።

እናቴ ከገጠር ወደ አዲስ አበባ የመጣችው በደርግ ዘመን ማብቂያ ላይ ነው። መጀመሪያ ትሸጥ የነበረው ንፍሮና የተቀቀለ ድንች በዳጣ ነበር። ከግድግዳችን ማዶ አባታቸው የመናዊ፣ እናታቸው የወሎ ሰው የሆኑ እናት ይኖሩ ነበር። እኛ ልጆች «እማማ» እንላቸዋለን፤ ስማቸውን ያወቅኩት ካረፉ በኋላ ነው። እማማ በረመዳን ወር የሥጋ ሳምቡሳ ይሠራሉ። ለጎረቤት ሲያድሉ ለእኛ ግን የሚልኩልን ቴምር ነበር። ሥጋው እንደማይበላልን ያውቃሉ፤ እናቴም እንደሚያውቁ ታውቃለች። በዚህ ጉዳይ ማንም ማንንም አይቀየምም ነበር። ሆኖም ሽታው በግድግዳው ቀዳዳ እየገባ እኛን ልጆቹን ያስቸግረናል።

አንድ ዓመት ረመዳን ሊገባ ሲል እማማ እናቴን ጠሩና፣ «አንቺ ልጅ፣ ድንቹ አላወጣሽም። ሳምቡሳ ላስተምርሽ» አሏት። እናቴ፣ «እማማ፣ ሥጋውን ማን ይበላልኛል?» ስትል መለሰች። እርሳቸውም፣ «ማን ሥጋ አለሽ? ምስር አድርጊበት። ያንቺም ሰው ይበላዋል፣ የኔም ሰው ይበላዋል» አሏት። ሥራው በዚህች ንግግር ተጀመረ።

አሠራሩን በአጭሩ ላስረዳ፤ ዕውቀት መሆኑ የሚታየው በዝርዝሩ ነውና። የፉርኖ ዱቄት በጨው፣ በውኃና በጥቂት ዘይት ይቦካል። ሊጡ ዐረፍ ካለ በኋላ እየተድቦለቦለ በስሱ ይዳመጣል። የተዳመጠው ቂጣ በጋለ ምጣድ ላይ ለአፍታ ብቻ ገባ ብሎ ይወጣል፤ ከቆየ ይደርቅና ሲታጠፍ ይሰበራል። ከዚያም በረጅሙ ተቆርጦ በሦስት ማዕዘን ይታጠፍና ጫፉ በቀጭን ሊጥ ይታሸጋል። ምስሩ ድፍኑ ነው። መብሰል አለበት፣ መፍረስ ግን የለበትም። ከሽንኩርት፣ ከቃሪያና ከጨው ጋር ይደባለቃል። ውኃ ከያዘ ዘይት ውስጥ ሲገባ ይፈነዳና የጠባሿን እጅ ያቃጥላል። እናቴ እስካሁን በቀኝ ክንዷ ላይ የዚያን የመጀመሪያ ሳምንት ምልክት ይዛለች።

ይሁንና ከሁሉም የከበደው ትምህርት የሊጡ አልነበረም፤ የመጥበሻው ነበር። እማማ የራሳቸውን ትልቅ መጥበሻ ሊያውሷት ይችሉ ነበር፤ አላዋሷትም። ከራሳቸው ገንዘብ አዲስ ገዝተው ሰጧት። «ይህንን ሥጋ እንዳይነካው። ለልጆችሽም ቢሆን በፋሲካ ሥጋ አትጥበሺበት። አንድ ቀን ከነካው ለሁልጊዜ እንደነካው ቁጠሪው» ብለው አስጠነቀቋት። እናቴ ይህን ቃል አክብራለች። የገና ሆነ የፋሲካ ሥጋ በዚያ መጥበሻ ገብቶ አያውቅም።

ምክንያቱን የተረዳሁት አጠገቧ ተቀምጬ የቤት ሥራዬን ስሠራ ነው። አዲስ ደንበኛ ሁሉ አንድ ጥያቄ ይጠይቃት ነበር፦ «መጥበሻው ሥጋ ነክቶታል?» ነጠላ የለበሰች ሴት ትጠይቃለች፤ ዕለቱ ረቡዕ ወይም ዓርብ ነውና ጾሟ እንዳይፈርስባት። ቆብ ያደረገ ሰው ይጠይቃል፤ በክርስቲያን የታረደ ሥጋ እንዳይሆንበት። ጥያቄው በቃል አንድ ዓይነት ነው፤ የሚመጣው ግን ከሁለት የተለያዩ ሕጎች ነው። የእናቴ መልስ ለሁለቱም አንድ ነበር፦ «አልነካውም፣ ብሉ።»

እዚህ ላይ ከእኛ ውጭ ያለ ምሳሌ ልጨምር። ከጥቂት ዓመታት በፊት ለአጭር ሥልጠና ወደ ማሌዥያ ሄጄ፣ ከማላካ ብዙ በማይርቅ አነስተኛ ከተማ ሁለት ምሽት አሳለፍኩ። በዚያ አገር «ሳቴ» የሚባል የመንገድ ምግብ አለ። ሥጋው በትንንሹ ተቆርጦ፣ በቅመም ተዘፍዝፎ፣ በቀጭን እንጨት ላይ ይሰካና በከሰል ይጠበሳል፤ ከተወቀጠ ኦቾሎኒ በተሠራ ስልስ እየተነከረ ይበላል። ምንጩ ጃቫ እንደሆነ ይነገራል፤ የማላይ ሕዝብ የራሱ አድርጎታል። ከቻይናዋ ከሃይናን ደሴት የመጡ ስደተኞች ደግሞ ይህንኑ ሙያ ወስደው በራሳቸው መንገድ ሠሩት። የዓሣማ ሥጋ ሰኩበት፤ በኦቾሎኒው ስልስ ላይም የተፈጨ አናናስ ጨመሩ። በማላካ ራሷ ጥሬውን ስኪት በሚፈላ የኦቾሎኒ ስልስ ውስጥ እየነከሩ የሚያበስሉበት የቻይናውያን ዓይነትም አለ።

በዚያች ከተማ በአንድ መንገድ ግራና ቀኝ ሁለት የከሰል ምድጃዎች አየሁ። ጢሱ አንድ ነው፣ ማራገቢያው አንድ ነው፣ እንጨቱ አንድ ነው። የሙስሊሙ ማላይ ግን ወደ ቻይናዊው ምድጃ አይሻገርም፤ ሊሻገርም አይችልም። ይህን የምለው ለነቀፋ አይደለም። ሁለቱ ጎረቤቶች በሰላም ይሠራሉ፤ የቻይናው ሳቴም ከአንድ ሕዝብ ወደ ሌላው የተሻገረ ድንቅ ሙያ ነው። ልብ ያልኩት ነገር ቢኖር ሙያው ሲሻገር ገበታው አለመሻገሩን ነው። ሥጋው መንገዱን ለሁለት ከፍሎታል። ያን ምሽት ጭድ ተራ ትዝ አለችኝ። በእኛ መንገድ ያ መስመር ያልተሰመረው ሰዎቹ ለሕጋቸው ቸልተኛ ስለሆኑ እንዳልነበረ ያኔ ተገነዘብኩ። በእርግጥም በእኛ አገር የሥጋ ወሰን የጠበቀ ነው። ሥጋ ቤቶቻችን ደጃፍ ላይ መስቀል ወይም ጨረቃ እናያለን፤ ሠርግና ሐዘን ሲሆን ለእንግዳው ወገን ለብቻ ይታረዳል፣ በለየ ድስት ይሠራል። የጭድ ተራ ሴቶች ወሰኑን አልተጋፉትም፤ ወሰን የማይደርስበትን ምግብ ፈልገው አገኙ እንጂ።

በዚህ ዐይን ስናየው የመርካቶ የመንገድ ምግብ ሌላ መልክ ይይዛል። ቆሎው፣ ንፍሮው፣ በሶው፣ የባቄላ አሹቁ፣ የተጠበሰው በቆሎ፣ ድንች በዳጣው፣ ዳቦ ተሰንጥቆ ድንችና ቃሪያ የሚገባበት እርጥቡ፣ ቦምቦሊኖው፣ ፓስቲው፣ በወረቀት ተጠቅልሎ የሚሸጠው ኦቾሎኒ፤ ሁሉም ያለ ጥያቄ ይበላሉ። ፉሉን ተመልከቱ። ባቄላው ከጥንት ጀምሮ በደጋችን የሚበቅል የራሳችን እህል ነው፤ ስሙ ግን ዐረብኛ ነው። ፉል ቤቱ ቅቤና እንቁላል ያለበትን «የፍስክ»፣ በዘይት ብቻ የተሠራውን «የጾም» ብሎ ያቀርባል። የሙስሊም ፉል ቤት አስተናጋጅ በቤተ ክርስቲያን ቋንቋ «የጾም ነው የፍስክ?» ብሎ ሲጠይቅ ስንሰማ አንደነቅም፤ በጣም ለምደነዋልና።

የእነዚህ ምግቦች ግብዓትም የአንድ አገር አይደለም። የፉርኖ ዱቄት ስሙን ያገኘው ምድጃ ከሚለው የጣልያንኛ ቃል ነው። ድንች ወደ አገራችን የገባው በጀርመናዊው የዕፅዋት ተመራማሪ በሺምፐር አማካይነት በ1858 እ.ኤ.አ. እንደሆነ ይነገራል። በርበሬና ኦቾሎኒ የመጡት ከአሜሪካ ምድር ነው፤ ዛሬ ግን ኦቾሎኒ ሲባል ባቢሌን እናስባለን። በመርካቶ በጀሪካን የሚሸጠው የፓልም ዘይት በአብዛኛው ከማሌዥያና ከኢንዶኔዥያ የሚመጣ ነው። እንግዲህ የጭድ ተራው ሳምቡሳ የሚጠበሰው በሳቴ አገር ዘይት ነው። ምስሩ ግን የእኛው የደጋ ምስር ነው። ከውጭ የመጣውን ሁሉ ለሁሉ እንዲበላ ያደረገው እርሱ ነው።

ነገሩን እንዳላስጌጥ ጥቂት ማስጠንቀቂያ ልስጥ። በመጀመሪያ፣ ይህ ብልሃት የእኛ ብቻ አይደለም። ሕንዶች ሳሞሳውን በድንችና በአተር ሞልተው ከሥጋ አላቀውታል፤ እነርሱም ሥጋ የማይበሉ ብዙ ሕዝቦች አሏቸው። በሁለተኛ ደረጃ፣ አብሮ መብላት አብሮ የመኖር ዋስትና አይደለም። ከአንድ መጥበሻ የበሉ ሰዎች ሲጣሉ በዐይኔ አይቻለሁ። በሦስተኛ ደረጃ፣ የመንገድ ምግብ ችግር አለበት። ዘይቱ ተደጋግሞ ይጋላል፤ ንጹሕ ውኃ በቅርብ አይገኝም፤ የፍሳሽ ቦይ አጠገብ የሚጠበስ ምግብ በሽታ ያመጣል። እናቴ ዘይቱ ሲጠቁር መድፋት እንዳለባት ታውቅ ነበር፤ ግን የምትደፋባቸውና የማትደፋባቸው ቀኖች ነበሩ፤ የሚወስነውም የዕለቱ ገቢ ነው። ይህን ሳልናገር ብቀር ንግግሬ ሙሉ አይሆንም።

አሁን ወደ ዕዳው ልመለስ። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቴን ጨርሼ ዩኒቨርሲቲ ስገባ የምንሞላው ቅጽ ነበር። «የእናት ሥራ» የሚል መስመር አለው። እኔ «የቤት እመቤት» ብዬ ጻፍኩ። ማንም አላስገደደኝም። አጠገቤ የነበረው ልጅ «መምህርት» ብሎ ሲጽፍ አየሁና እጄ ዐልፎ ሄደ። በእናቴ ክንድ ላይ ያለው ምልክት፣ የእማማ መጥበሻ፣ ከሌሊቱ ዐሥር ሰዓት ተነሥታ የምትዳምጠው ሊጥ፣ ሁሉም በሁለት ቃላት ተሰረዘ። ለዓመታት ስለ ሌሎች ገበያዎችና ስለ ሌሎች ሕዝቦች ስጽፍ ኖሬያለሁ፤ ስለ ጭድ ተራ አንድ ገጽ አልጻፍኩም። በዚህ መካከል እማማ ዐረፉ። ምን እንደሠሩ ልጠይቃቸው የምችልበት ጊዜ አለፈ። እናቴም አንድ ጠዋት ከተቀመጠችበት ቦታ እንድትነሣ ተነግሯት ተነሣች፤ ከዚያ በኋላ አልተመለሰችም። መጥበሻው አሁን በቤቷ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል።

ወደዚህ ጥናት የመለሰኝ አንድ ቀን ነው። ሰኞ መጋቢት 2 ቀን 2016 ዓ.ም. ዐቢይ ጾምና ረመዳን በአንድ ቀን ገቡ። 55 ቀን የሚጾመውና አንድ ወር የሚጾመው ጾማቸውን በአንድ ጠዋት ጀመሩ። ያን ዕለት ወደ ማታ በመርካቶ በኩል ሳልፍ እግሬ ወደ ጭድ ተራ ወሰደኝ። አንዲት ወጣት ሴት በተገለበጠ ሳጥን ላይ ምድጃዋን አድርጋ ሳምቡሳ ትጠብሳለች። ከፊቷ ዐሥራ አምስት ያህል ሰው ተሰልፏል። ከፊሉ የመግሪብን አዛን የሚጠባበቅ ነው፤ ከፊሉ እህል ሳይቀምስ የዋለ የሁዳዴ ጿሚ ነው። አዛኑ ተሰማ። ከፊት የነበረች ነጠላ የለበሰች ሴት ወደ ኋላዋ ዞር ብላ፣ «ወንድሜ፣ አንተ ቅደም፣ ሰዓትህ ደርሷል» አለችው። ሰውየው ሁለት ሳምቡሳ ተቀብሎ አመስግኖ ሄደ። ተራው በዚህ ሁኔታ ተሸጋሸገ። ማንም ስለ ነገሩ አላወራም።

ተራዬ ሲደርስ ለወጣቷ፣ «መጥበሻው ሥጋ ነክቶታል?» ብዬ ጠየቅኳት። ቀና ብላ ሳታየኝ፣ «አልነካውም፣ ይብሉ» አለችኝ። ማን እንዳስተማራት ጠየቅኳት። «እናቴ» አለች። የእናቷን አስተማሪ አታውቅም።

ክቡራንና ክቡራት፤ ይህን ዕውቀት ስለምናጣበት ሁኔታ ማሰብ ያለብን አሁን ነው። ከተማችን በፍጥነት እየተለወጠች ነው። በ2016 ዓ.ም. የአራዳና የፒያሳ የቆዩ ሰፈሮች በኮሪደር ልማት ሲነሡ አይተናል። ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. ሸማ ተራ በእሳት ሲጋይ አልቅሰናል። የጭቃ ቤት በብሎኬትና በፎቅ ሲተካ የጭድ ተራ ጭድም ፈላጊው እየቀነሰ ሄዷል። ለውጡን አልቃወምም፤ የጭቃ ቤት ክረምት ምን እንደሆነ በውስጡ ያደገ ሰው ያውቀዋል። ነገር ግን አንድ ሕንፃ ሲነደፍ ሱቁ ይቆጠራል፣ መኪና ማቆሚያው ይቆጠራል፤ በደጃፉ የምትጠብሰው ሴት አትቆጠርም። እርሷ ስትነሣ የሚነሣው አንድ ምድጃ ብቻ አይደለም። ሸቀጥ የሚያወርደው፣ የሚሸከመው፣ የሚሸጠውና የሚገዛው ሁሉ በአቅሙ፣ ሕሊናው ሳይከለክለው የሚበላበት ስፍራ አብሮ ይነሣል። በአዲሱ ሕንፃ ምድር ቤት የሚከፈተው ምግብ ቤት በሥጋው ምክንያት ከሁለቱ ወገን ለአንዱ የሚሆን ነው፤ በዋጋው ምክንያት ደግሞ ለተሸካሚው የማይሆን ነው።

ስለዚህ ሦስት ነገሮችን አቀርባለሁ። አንደኛው ለተማሪዎቼ ነው። በዚህ ዓመት የመስክ ሥራችሁን በመርካቶ ተራዎች አድርጉት። እያንዳንዷ ሻጭ ምን እንደምትሠራ፣ እንዴት እንደምትሠራና ከማን እንደተማረች መዝግቡ። ሦስተኛውን ጥያቄ አትዝለሉ፤ እኔ የዘለልኩት እርሱን ነው። ሁለተኛው ከተማን ለሚነድፉ ባልደረቦቼ ነው። በገበያ ንድፋችሁ ውስጥ ለመንገድ ምግብ ቦታ ስጡ፤ ቧንቧ፣ የፍሳሽ መውረጃና ጥላ ያለው፣ ኪራዩ በቀን ገቢ የሚቻል ስፍራ። የንጽሕናውን ችግር የሚፈታው ሴቲቱን ማባረር ሳይሆን ውኃ ማቅረብ ነው። ሦስተኛው ለሁላችንም ነው። በየቅጻችን፣ በየመዝገባችንና በየጥናታችን የእናቶቻችንን ሥራ በስሙ እንጥራው።

የእኔን ከዚሁ ልጀምር። እናቴ ሳምቡሳ ጠባሽ ናት። በጭድ ተራ ሠርታለች። ሙያውን የተማረችው ከግድግዳ ማዶ ከነበሩ ሙስሊም እናት ነው። ሥጋ ባልነካው መጥበሻ ለክርስቲያኑም ለሙስሊሙም አብስላለች፤ ከዚያም ባገኘችው እኔን አስተምራ በዚህ መድረክ እንድቆም አድርጋለች።

ባለፈው እሑድ ላነሣችው ጥያቄ ዛሬ መልስ አለኝ። አዎን፣ ለዚህ ተራ ነገር ሰው ተሰብስቧል። ነገ ጠዋት ሄጄ እነግራታለሁ።